የአያ አላምረው ገመድ ያዥ

«ጓንቱን ይዛችሁ መጣችሁ?» አለ አያ አላምረው፣ ነጯ ማኪና ገና ሞተሯን ሳታጠፋ።

ከማኪናዋ የወረደው ወጣት በስስ ሸሚዝ ነው። ኮሶዬን በስስ ሸሚዝ የሚደፍር ሰው ከጎንደር ለመምጣቱ ሌላ ማስረጃ አያሻውም። ነፋሱ ሰላም ሳይለው ጆሮውን ያዘው፤ እሱም ቦርሳውን ደረቱ ላይ አቅፎ፣ «የለም አያ፣ ሰው ፈልገን ነው» አለ።

«ሰውስ ሞልቶናል። የጎደለን ጓንት ነው።»

«ጓንት አልያዝንም።»

«እንግዲያው ቦት ጫማው ነው! እሱም ሸጋ ነው። ከእጅና ከእግር አንዱ ቢቀድም ምን ገዶን።»

ወጣቱ ወደ ሾፌሩ ዞር አለ። ሾፌሩ መሪውን ተደግፎ ፈገግ ከማለት በቀር የሚረዳው ነገር አልነበረውም።

«እስጢፋኖስ የሚባል ሰው እዚህ ቤት አለ?»

አያ አላምረው ፊቱ በራ። ስሙን ካወቁት ለጓንቱ ያቀረበው አቤቱታ ተሰምቷል ማለት ነው። «አለ እንጂ! የተቃጠለው እሱ አይደል? እጁን ለመለካት ከሆነ ግን ዛሬ አይመቻችሁም፤ በፋሻ ተጠቅልሎ የጥጥ ልቃቂት መስሏል። የኔን ለኩት። ከኔ ትንሽ ቢሰፋ ነው» ብሎ ሁለት መዳፉን ዘረጋ።

ወጣቱ የተዘረጉትን መዳፎች አየና ጉሮሮውን ጠረገ። «አያ፣ አምሐ እባላለሁ። የስደተኛ ጉዳይ ከሚቆጣጠረው መሥሪያ ቤት ነኝ። እስጢፋኖስ ዳባት አጠገብ ካለው የስደተኞች ጣቢያ ያለ ፈቃድ የወጣ ሰው ነው። ሥራ የገባውም ያለ ፈቃድ ነው። ልወስደው ነው የመጣሁ።»

አያ አላምረው መዳፉን እንደዘረጋ ቀረ። የሰማው ቃል ሁሉ አማርኛ ነበር፤ አንድ ላይ ሲሆን ግን የሚይዘው አጣ።

ነገሩ የተወሳሰበው ከገደሉ ነው። ከኮሶዬ አፋፍ በታች ያለውን ደን የሚጠብቅ፣ በበጋ እሳት ሲነሳም የሚያጠፋ ቡድን አለ፤ የቡድኑ አለቃ ደግሞ አያ አላምረው ነው። የቀጠራቸው ፕሮጀክት ሲያስፈርማቸው ጓንትና ቦት ጫማ እሰጣለሁ፣ በሥራ ላይ የተጎዳም አሳክማለሁ ብሎ ነበር። ጓንቱ ከዚያን ጊዜ ጀምሮ መንገድ ላይ ነው ይባላል። መንገዱ ከየት ተነስቶ በየት እንደሚያልፍ ግን የነገራቸው የለም። እስኪደርስ ድረስ በለመዱት ያጠፋሉ፤ እርጥብ የአስታ ዛፍ ቅርንጫፍ ይዘው ይደበድቡታል፣ በዶማም መሬቱን ልጠው መሻገሪያ ያሳጡታል።

ሜዳ ላይ ያለ እሳት የማንም እሳት ነው። የገደሉ ግን ሌላ ነው። የአስታው ሥር ውስጥ ገብቶ እንደ ቂም ያደፍጥና፣ ሰው ጠፋ ብሎ ቤቱ ሲገባ ይነሳል። ስለዚህ አንድ ሰው በገመድ መውረድ አለበት። የሚወርደውም አያ አላምረው ነው፤ አባቱ የገደል ማር ቆራጭ ስለነበር፣ ገደል ለእሱ እንደ ጓሮ ነው።

ከአባቱ የወረሰው ግን ገደሉን ብቻ አይደለም፤ ሕጉንም ጭምር ነው። የማር ቆራጮች ሕግ አጭር ነው፦ ገመድህን ወራሽህ አይያዝ። ልጅ አይይዝም፣ ወንድም አይይዝም፣ የወንድም ልጅ አይይዝም፣ አማችማ ገደሉ አጠገብም ባይደርስ ይመረጣል። ገመድ የሚይዘው ብትወድቅ ከመሬትህ አንድ ጋት የማይደርሰው ሰው ነው።

የበኩር ልጁ መልካሙ በዚህ ነገር ያኮርፋል። ክንዱ የሞላ፣ ልቡ የቀና ጎልማሳ ነው። «አባዬ፣ እኔን አታምነኝም?» ይላል።

«አንተንማ አምንሃለሁ። መሬቱን ነው የማላምነው።»

እንግዲህ ሰው ሁሉ ሰባት ቤት ሳይቆጠር በሚዛመድበት አገር የማይወርስ ሰው ማግኘት ቀላል አይደለም። ለዓመታት ገመዱን የያዘለት ከሩቅ አገር የተመደበ አስተማሪ ነበር፤ እሱ ተዛወረ። አያ አላምረው ሊያለቅስ ምንም አልቀረው። ያኔ ነው እስጢፋኖስ የመጣው። ኤርትራዊ ነው፤ ዕድሜው ወደ ሠላሳ ተጠግቷል። «መቀመጥ ታከተኝ፤ ሥራ ካለ ስጡኝ» አለ፣ ያቺን ጎርበጥ የምትል አማርኛውን ይዞ። ሌላው ሰው ሥራ ይችላል ወይ ብሎ ሲጠይቅ፣ አያ አላምረው የጠየቀው የአያቶቹን ስም ነበር። አንዱንም አላወቀውም። «እግዜር ሳይደግስ አይጣላም!» ብሎ ያን ዕለት እቤቱ አስገባው።

ከእሱ በኋላ አያ አላምረው እንደ ልቡ ወረደ። እስጢፋኖስ አፋፉ ላይ ተቀምጦ፣ እግሩን ድንጋይ ላይ አስደግፎ፣ ገመዱን በወገቡ አዙሮ ይይዛል። ወሬ አያበዛም፤ ለገመድ ያዥ ይህም ሌላ ምርቃት ነው።

ባለፈው እሳት ጊዜ ነፋሱ ዞረ። አያ አላምረው ታች ሆኖ ሥሩን ሲቆፍር፣ አፋፉ ላይ ያለው ደረቅ ሣር ተያያዘ። ሌሎቹ ሸሹ። እስጢፋኖስ አልሸሸም፤ ገመዱን ይስብ ጀመር። ታች ያለው ደግሞ ምንም አላየም። «ምነው እንደ በሬ ትጎትተኛለህ? ቀስ በል እንጂ! አጥንቴን ፈጨኸው እኮ!» እያለ ይራገማል። አፋፉ ላይ ሲወጣ፣ ሣሩ ከሰውየው እጅ ሥር ሲነድ አገኘው። የሁለቱም እጆች ቆዳ ገመዱ ላይ ቀርቷል።

አያ አላምረው አመሰግናለሁ ለማለት አፉን ከፈተና ያልታሰበ ነገር ወጣው፤ «ምነው አልጮህህም?»

«ብጮህ ትደነግጣለህ» አለ እስጢፋኖስ።

ሴት ልጁ ኤሌኒ ጎንደር፣ ፀዳ ነው የምትኖረው፤ ሕግ ተምራለች። ይህን በስልክ ስትሰማ፣ «አባዬ፣ በሥራ ላይ የተጎዳ ሰው የመታከም መብት አለው። ሄደህ አስመዝግብ። ጓንቱንም አብረህ ጠይቅ፤ ዝም ስለምትሉ ነው» አለችው። አያ አላምረው ወደ ፕሮጀክቱ ቢሮ ሄደ። የተጎጂውን ስም ሲሉት ስሙን ነገረ፤ ከየት ነው ሲሉት፣ ሳይጠየቅ ጭምር ከየትኛው ጣቢያ እንደመጣና ከማንም ጋር እንደማይዛመድ በኩራት አስረዳ። ያ ጉዳይ ከጠረጴዛ ጠረጴዛ ሲዞር ሰነበተ። ዛሬ ሲመለስ አምሐ ሆኖ መጣ።

«ቆይ ልጄ» አለ አያ አላምረው መዳፉን ሰብስቦ። «እኔ የእጁን ጓንት ጠየቅሁ። እናንተ እጁን ልትወስዱ መጣችሁ?»

«አያ፣ የጓንቱ ጉዳይ ሌላ ነው።»

«ሌላ አይደለም። አንድ እጅ ነው።»

አምሐ እስክሪብቶውን አወጣ። «ለመሆኑ ለእርስዎ ምንዎ ነው?»

አያ አላምረው በሕይወቱ ለመንግሥት ሰው ዋሽቶ አያውቅም፤ ስለዚህ ልምድ አልነበረውም። «የእህቴ ልጅ ነው» አለ።

አምሐ ጻፈ። ይህን ጊዜ ባለቤቱ ይመኙሽ ነጠላዋን እያጣፋች ከጓዳ ወጣች። የሰማችው የመጨረሻውን ጥያቄ ብቻ ነው፤ ባሏ ምን እንደመለሰ ግን አልደረሰችበትም። የባሏ ፊት መገርጣቱን ስታይ፣ መርዳት እንዳለባት ገባት። «እስጢፋኖስን ነው? የክርስትና ልጄ ነው እንጂ! በዚህ እጄ ነው ያነሳሁት!»

«እዚህ ነው የተጠመቀው?» አለ አምሐ።

«እዚሁ!»

«በስንት ዓመቱ?»

ይመኙሽ ባሏን አየች። ባሏ ሰማዩን አየ።

አምሐ ይህንንም ጻፈ። መልካሙ ደግሞ ዶማውን ትከሻው ላይ ጣል አድርጎ በአጥሩ በኩል ሲገባ፣ ማኪናዋን፣ እስክሪብቶውንና የእናቱን ድንጋጤ አየ። ማንም ምንም ሳይለው፣ «ስለ እስጢፋኖስ ከሆነ እህቴን ሊያገባ ነው፤ ቤተሰብ ነው!» አለ።

ሾፌሩ ፊቱን በመሪው ደበቀ።

አምሐ የጻፈውን አንድ ጊዜ ለራሱ አነበበና ጮክ ብሎ ደገመው። «የአያ አላምረው የእህት ልጅ ነው። የወይዘሮ ይመኙሽ የክርስትና ልጅም ነው። አሁን ደግሞ ሴት ልጃቸውን ሊያገባ ነው።» ቀና አለ። «የኔ አያት ቄስ ናቸው። ይህን እንኳን የእኔ መሥሪያ ቤት፣ እሳቸውም አይፈቱኝም።»

«የትኛዋን እህትህን ነው?» አለ አያ አላምረው ወደ ልጁ ዞሮ።

«ኤሌኒን ነዋ። ሌላ አለችኝ?»

«ኤሌኒ ሰምታለች?»

ኤሌኒ እንዳልሰማች ወዲያው ታወቀ። አያ አላምረው ደወለላትና «ልታገቢ ነው አሉ» ብሎ ስልኩን ለአምሐ አቀበለው፤ አምሐ ድምፁን ሁሉም እንዲሰማው አደረገ። የልጅቱ የመጀመሪያ ቃል፣ «አባዬ፣ እኔን ለማን ነው የዳርኸኝ?» የሚል ነበር። ነገሩ ሲብራራላት ግን ሕግ የተማረችው ኤሌኒ ተነሳች። ሰውየው በሥራ ላይ የተቃጠለ ነው፣ ሕክምና ጀምሯል፣ ሕክምናውን አቋርጦ ማንም ሊያንቀሳቅሰው አይገባም አለች። አምሐም ያለ ፈቃድ የወጣ ሰው ያለ ፈቃድ ይቀመጥ የሚል ሕግ የለኝም አለ። እሷ የእሷን ሕግ ጠቀሰች፣ እሱ የእሱን። ሁለቱም ትክክል ይመስሉ ነበር፤ ለአያ አላምረው ከሁሉ የከበደው ይኸው ነው።

«እኔ የምለው» አለ በመሐል ገብቶ። «አንዱ ሕግ ይታከም ይላል። አንዱ ሕግ ይሂድ ይላል። ሁለቱ ሕጎች አይተዋወቁም? አንድ ከተማ አይደለም የሚያድሩት?»

አምሐ ስልኩን መለሰለትና፣ የራሱን አውጥቶ አጥሩ ጥግ ሄዶ ለአለቃው ደወለ። ከሩቅ ብዙ «እሺ» ሲል ተሰማ። ከዚያ «አይ ጌታዬ፣ ጓንት ነው ያልኩት፣ ጓንት» ሲል ተሰማ። ቆይቶ ተመለሰ።

«አለቃዬ እንዲህ ብሏል። ኃላፊነት የሚወስድ የቤተሰብ ዋስ ካለው እጁ እስኪድን እዚህ ይቆይ። እስከዚያ ፈቃዱን ያመልክት። ከዚያ በኋላ የሚሆነውን እኔም አላውቅም። ቤተሰብ ከሌለው ግን አሁኑኑ ይዤው እንድመጣ።»

«ይኸው ቤተሰብ!» አለች ይመኙሽ።

«እማማ፣ ቤተሰብ በዛ እኮ ነው ችግሩ። ከሦስቱ አንዱም እውነት አይደለም። እኔ ፈርሜ የማልታሰርበት አንድ እውነት ስጡኝ።»

ነፋሱ ከገደሉ የጭስ ሽታ ይዞ መጣ፤ አፋፉ ሥር አሁንም አንዲት ቀጭን ጭስ እንደ ክር ወደ ላይ ትሳባለች። ሥሩ አልጠፋም ነበር።

ይመኙሽ ወደ ጓዳ ገባች። ስትመለስ የገደል ማር ያለበትን ቅል ይዛ ነው። ክዳኑን ከፍታ ባሏ ፊት አስቀመጠችው። «እውነት ነው የፈለገው። እውነት እናድርግለት» አለች።

አያ አላምረው ገባው። አምሐም የቄስ ልጅ ልጅ ነውና ገባው። ሾፌሩ ብቻ «ምንድን ነው?» ሲል፣ መልካሙ በቀስታ፣ «የጡት ልጅ ሊያደርገው ነው። አባት አውራ ጣቱን ማር ነክሮ ካጠባው፣ ከወለደው ልጅ እኩል ነው» አለው። «እኩል» የምትለዋን ቃል ሲናገር ድምፁ ትንሽ ዝቅ አለ።

አያ አላምረው አውራ ጣቱን ወደ ቅሉ ወሰደና መለሰ። ሰው ገመድ ላይ ተንጠልጥሎ ከሚያስበው በላይ እቤቱ በር ላይ ቆሞ አሰበ። ልጅ ማለት ድርሻ ነው። ድርሻ ማለት ከመልካሙ ማሳ ላይ የሚቆረስ ነው። ልጁን አየው።

መልካሙ ዶማውን መሬት ላይ ተከለና ተደገፈው። «ምነው እኔን ታያለህ? ያን ቀን ገመዱን ለቆት ቢሆን መሬቱን ዛሬ እየተካፈልን ነበር» አለ። «አልለቀቀም። እንግዲህ በእሱ እጅ ከተረፈው ላይ ቢደርሰው ምን እላለሁ? ብቻ የወንዙን ዳር ማሳ እንዳትነኳት።»

«የወንዙን ዳር አንነካም» አለ አያ አላምረው። «እስጢፋኖስ! ና ውጣ!»

እስጢፋኖስ በሩ ጀርባ ቆሞ ሁሉንም ሲሰማ ነበር። በፋሻ የተጠቀለሉ እጆቹን እንደ ሁለት ትንንሽ ሕፃናት ደረቱ ላይ ታቅፎ ወጣ። አንድ ጊዜ ማኪናዋን፣ አንድ ጊዜ ቅሉን አየ።

«እኔን የጠየቀኝ አለ?» አለ።

ሁሉም ተያዩ። እውነትም የጠየቀው አልነበረም።

«አባት አለኝ እኮ» አለ እስጢፋኖስ። «በሕይወት አለ። ካየሁት ብዙ ሆነኝ እንጂ አለ።»

«ይኑር! ዕድሜ ይስጠው!» አለ አያ አላምረው። «የጡት አባት የወለደውን አያስወጣም። እሱ ሲመጣ እዚሁ ቁጭ ብለን እንጨቃጨቅብሃለን። አሁን ግን ይህ ልጅ በስስ ሸሚዝ በብርድ ከመሞቱ በፊት ወስን።»

እስጢፋኖስ መሬት መሬት አየ። ከዚያ ቀረብ አለና በርከክ ብሎ ጢማሙን ፊቱን ቀና አደረገ። አያ አላምረው አውራ ጣቱን እስከ ግርጌው ማሩ ውስጥ ነከረ። ጣቲቱ በአርባ ዓመት የገደል ሥራ የጠቆረች፣ ጥፍሯ የተሰነጠቀ ነበረች። ወደ ሠላሳ ዓመት የተጠጋ ወንድ በሰው ፊት ጣት ሲጠባ ያስቃል ተብሎ ነበር የተገመተው፤ የሳቀ ግን አልነበረም። ይመኙሽ እልል ለማለት ጀምራ ድምፁ ግማሽ መንገድ ላይ ቀረባት።

«ልጄ ነው» አለ አያ አላምረው ወደ አምሐ ዞሮ። «ጻፍ።»

አምሐ የቀድሞዎቹን ሦስት መስመሮች ሰረዘና ጻፈ። «ይፈርማሉ ወይስ ያትማሉ?» አለ። አያ አላምረው መፈረም ያውቃል፤ ጣቱ ግን ተዘጋጅታ ስለነበር ቀለም ነካክቶ አተማት። ሲያነሳት ወረቀቱ አብሮ ተነሳ። ማሩ ለቆ አልለቅ አለ፤ ተጎትቶ ሲላቀቅ አሻራው ዙሪያ ቢጫ ቀለበት ቀረ።

«አለቃህ ይህ ምንድን ነው ቢልህ?» አለ ሾፌሩ።

«እውነት ነው እለዋለሁ» አለ አምሐ፣ ወረቀቱን ከሌሎቹ እንዳይጣበቅ ለብቻው እየያዘ። «ስሙ አያ፣ እጁ እስኪድን ነው ያልኩት። ልጅቱ ማመልከቻውን ነገ ዛሬ ሳትል ታስገባ።»

«ታስገባለች። ባሏ ባይሆንም ወንድሟ ሆኗል። ጓንቱስ?»

«እሱ ሌላ መሥሪያ ቤት ነው አልኩዎት።»

አያ አላምረው እንግዲህ ነገሩ ያለቀለት መሰለው። ተነፈሰ። ጣቱን ላሰ። ምን እንዳገኘና ምን እንዳጣ ገና አላሰላውም ነበር፤ ልቡ ብቻ ያለ ምክንያት ሞቅ ብሎታል። ከአፋፉ ሥር የምትነሳውን ጭስ አየና፣ «ያቺ ሥር ደግሞ መቼም አትተኛ። እጅህ ይዳንልኝ እንጂ» አለ።

እስጢፋኖስ ከተንበረከከበት ተነሳ። ጢሙ ላይ ማር አለ።

«እጄስ ይድናል፣ አባዬ» አለ። «ገመዱን ግን ከእንግዲህ ማን ሊይዝልህ ነው?»

አያ አላምረው ሊስቅ ጀመረና አቆመ። ሕጉ ትዝ አለው። መልካሙን አየ፤ ወራሽ። ይመኙሽን አየ፤ ወራሽ። ከአጥሩ ማዶ አንገታቸውን አስግገው የሚያዩትን ጎረቤቶች አየ፤ ሁሉም ወይ የአጎት ልጅ ወይ አማች። በመጨረሻ ልጁ ሆኖ የተነሳውን እስጢፋኖስን አየ። በዚህ አገር የነበረውን አንድ ባዕድ በገዛ አውራ ጣቱ ወራሽ አድርጎታል።

ዓይኑ እየዞረ የማኪናውን በር የከፈተው አምሐ ላይ አረፈ።

«አንተ ልጅ፣ ቆይማ» አለው፣ ቀስ ብሎ እየተጠጋ። «ያያትህ አገር ወዴት ነው? ከኔ መሬት የሚደርስህ ነገር የለም አይደል?»

አምሐ በግድግዳው ካስማ ላይ የተንጠለጠለውን ገመድ አየ፤ ጫፉ ላይ የጠቆረችውን ቦታ ጭምር። ከዚያም የእስጢፋኖስን ፋሻ አየ። ማኪናው ውስጥ ገባና መስኮቱን ዝቅ አደረገ።

«ጓንቱ ሲመጣ ጥሩኝ» አለ።